የውስጥ ጉዳት ካሳ የምትጠይቁ የድሬ ልጆች፣ ውክልናውን ሳታነቡ አትፈርሙ

መኪና ወይም ባጃጅ ገጭቶት የሆድ ዕቃው የተመታ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ጠበቃ ከመያዛችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እግሩ የተሰበረ ሰው ጉዳቱ ለማንም ይታያል። የውስጥ ጉዳት ግን ከላይ ደህና ያስመስላል፤ ጣፊያ መጀመሪያ ላይ ምንም ሳያሳይ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ የሚደማበት ጊዜ አለ። አጭበርባሪው የሚገባውም በዚህችው መሀል ነው።

ወንድሜ ሳቢያን መንገድ ላይ የተሳፈረበትን ባጃጅ አይሱዙ ገጨው። ገና አልጋ ላይ እያለ አንድ «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» የሚል ሰው ከጠያቂ ጋር ተቀላቅሎ ገባ፣ ሙዝ ይዞ። ትንሽ ቆይቶ ጠበቃውን አመጣ። «ከመቶ 30 ለኛ፤ ካልተሳካ አምስት ሳንቲም አንጠይቅም፤ ለሞራል ብቻ ግማሽ ሚሊዮን እናስፈርዳለን» አሉት።

አቦ፣ ይቺን የሞራል ነገር ልብ በሉ! የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 2116 የሞራል ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። በዛሬ ገበያ የሳምንት አስቤዛ አይሸፍንም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ዋናው ካሳ የሚሰላው ከሕክምና ወጪና ከቀረ ገቢ ነው፤ እሱም በደረሰኝና በሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይረጋገጣል። በሞራል የሚያስጎመጃችሁ ጠበቃ ወይ ሕጉን አላነበበም፣ ወይ እናንተ እንዳላነበባችሁ አውቋል።

ዋናው ጉድ ያለው ግን ውክልናው ውስጥ ነው። ወንድሜ ከሆስፒታል እንደወጣ በባጃጅ ወስደው አስፈረሙት። ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ ከተዘጋጀ ፎርም ነው የሚገለብጠው፤ ከላይ እስከ ታች «እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ ይግባኝ እንዲል» እያለ ይወርዳል፤ ወደ መጨረሻው ላይ «በስሜ እንዲታረቅ፣ የካሳ ገንዘብ ተቀብሎ እንዲፈርም» የምትል መስመር አለች። ፍርድ ቤት ቆሞ ለመከራከር ይቺ መስመር አታስፈልግም። በአንቀጽ 2205 መሠረት ተወካይ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው መታረቅ አይችልም፤ የሚያስገቧትም ለዚሁ ነው። አሰርዟት። «ፎርሙ እንደዚህ ነው» ቢሏችሁ እንኳ አሰርዟት።

ጠበቃው የቦርድ ማስረጃ ሳይጠብቅ ከኢንሹራንሱ ጋር ተስማማ። ድርሻውን ቆርጦ የተረፈችውን ሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ሆዱ ውስጥ ደም ሞልቶ ነበር፤ ጣፊያው በቀዶ ሕክምና ወጣ። ኢንሹራንሱ ጋ ስንሄድ «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምክንያት ምንም ዓይነት ጥያቄ አላቀርብም» የሚል ወረቀት አወጡልን፣ በወንድሜ ስም ጠበቃው የፈረመበት። እርቅ በሕግ ፊት ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው፤ ማፍረስ ቀላል አይደለም።

የሚያናድደው ደግሞ «ለዳኝነት» ብሎ አስቀድሞ ብር ተቀብሎ ነበር። የዳኝነት ገንዘብ የሚከፈለው ለፍርድ ቤቱ ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ መዝገብም ይከፈታል። ሬጅስትራር ጠየቅን፤ በወንድሜ ስም የተከፈተ መዝገብ የለም። ስለዚህ ደረሰኝና የመዝገብ ቁጥር ሳታዩ ለዳኝነት ብላችሁ ብር አትስጡ። አቅም የሌለው ሰው ደግሞ አስፈቅዶ በደሃ ደንብ ሳይከፍል መክሰስ ይችላል። ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ሠራተኛው በሥራ ክርክር ችሎት ዳኝነት አይከፍልም።

«ቶሎ ካልተስማማህ ይቃጠልብሃል» ይሏችኋል። ሕጉ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ 2 ዓመት ይሰጣል፤ ነገሩ በወንጀል የሚያስጠይቅ ከሆነ የሚረዝምበትም አለ። ሐኪም ሳይጨርስ የሚያስሮጥ ነገር የለም። በዚያው ልክ ደግሞ መዝገብ ሳይከፍት «እየሄደ ነው» እያለ ሁለቱን ዓመት የሚያስበላችሁም አለና ቀኑን ራሳችሁ ቁጠሩ። «ሾፌሩ ጥፋተኛ አይደለም ተብሏል» ብለው ቢያስፈራሯችሁም፣ በአንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል።

ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። ድሬ ላይ እንዲህ ያለውን የካሳ ክስ የሚያዩት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ናቸውና የታደሰ የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ ጠይቁ፤ ሐረር ያላችሁ የክልሉን። ለምክር ብቻ ከሆነ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሕግ ተማሪና መምህር ያለበት ነጻ የሕግ ድጋፍ አላቸው፤ መጀመሪያ እዚያ ጎራ በሉ።

ቀድሞውኑ ፈርማችሁ ከሆነ፣ ውክልና በማንኛውም ጊዜ ይሻራል። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ሻሩት፣ የመሻሪያውን ኮፒ በዚያው ቀን ለኢንሹራንሱ አስገቡና ሌላው ኮፒ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመቱ። ኢንሹራንሱ መሻሩን ካላወቀ በአሮጌው ውክልና ሊከፍለው ይችላል።