ላብራቶሪ ወይስ ቤተ መጻሕፍት? ልጅ እያሳደጉ የባሕርና የውሃ ሳይንስ ለሚማሩ

ደብረ ብርሃን ላይ ቤተሰብ ይዞ ለሚማር ሰው፣ ግቢ ውስጥ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁለቱን እናነጻጽር፦ የቤተ መጻሕፍት ፈረቃና የላብራቶሪ ረዳትነት።

ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓቱ የታወቀ ነው። የማታ ፈረቃ ከደረሰዎት ግን የእራቱና የልጅ ማስተኛው ሰዓት ይሄዳል፤ የጠዋቱን ይጠይቁ።

ላብራቶሪው ለትምህርቱ ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ ችግሩ ናሙና ቆሞ አይጠብቅም። ከበሬሳ ወንዝ ለኦክስጅን ልኬታ የሚቀዳው ውሃ ጠርሙሱን አፍ ድረስ መሙላት አለበት። ክዳኑ ሥር አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ኦክስጅኗ ውሃው ውስጥ ይሟሟና ውጤቱ ከፍ ይላል። እዚያው ወንዙ ዳር ኦክስጅኑን ይዘው የሚያቆዩ ኬሚካሎች፣ ማንጋኒዝ ሰልፌትና አልካሊ አዮዳይድ፣ ተጨምረውበት፣ በ8 ሰዓታት ውስጥ ቲትሬት ይደረጋል፤ ማለትም መጠኑ የታወቀ ኬሚካል በጠብታ እየተጨመረ ኦክስጅኑ ይለካል። ልጅ አሞታል ተብሎ ለነገ አይተላለፍም፤ ስለዚህ የናሙና ቀን ልጅ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ይነገረው።

የቢኦዲ ምርመራ (ረቂቅ ተሕዋስያን ውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲያብላሉ የሚፈጁት ኦክስጅን ልኬታ) ደግሞ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ይቆያል። ሰኞ ከጀመሩት ቅዳሜ፣ ማክሰኞ ከጀመሩት እሑድ ከቤት ያስወጣዎታል። ረቡዕ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይጀምሩት፤ ሰንበቱ ለቤተሰብ ይተርፋል። ይህችን ቀላል ስሌት ባለማወቅ ስንቱ ሰንበቱን ያጣል!

ልጁ ገና ጡት የሚጠባ ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱን እንመርጣለን። የመመረቂያ ጥናት ዓመት ላይ ግን ላብራቶሪው ይሻላል፤ ለደመወዝ የሚሠሩት ልኬታና ለጥናቱ የሚለማመዱት እጅ አንድ ይሆናሉ።