የመኪናዬን ላስቲክ ላስቀደደኝ ልጅ

የሐዋሳ ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ መኪና አጥቦ የሚያሳምር አንድ ልጅ ላመሰግን ነው። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ብቻውን ስለሚሠራ ሰው ቢጎርፍበት አይችልም። አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እሰጣለሁ። የማመሰግነው ግን ሥራው ስላማረ ብቻ አይደለም። የማያስፈልገኝን ነገር አልሸጥልሽም ብሎ እምቢ ስላለኝ ነው።

መኪናዋ የስንት ዓመት ዕቁብ፣ ቁጠባና ብድር ናት። በ2016 ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ከውጭ አይገቡም ከተባለ ወዲህ፣ እንደ ብዙው ሰው እኔም የኤሌክትሪክ ገዛሁ። ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ወንድሞቼ «ነጭ ግዢ፣ ስትሸጪም ይሻልሻል» ብለውኝ ነበር። ገና ሳልነዳት ስለ መሸጥ ማሰብ አስጠላኝ።

ጠበል ተረጨ፣ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት መረቀ። በሳምንቱ ቅዳሜ እህቴንና ልጇን ጭኜ ዓሣ ልንበላ ወደ አሞራ ገደል ወረድን። ጥላ ፈልጌ ትልቅ ዛፍ ሥር አቆምኳት። ዛፉ ላይ ማን እንዳለ ቀና ብዬ አላየሁም። ሐዋሳ ተወልጄ፣ ሐዋሳ አድጌ፣ አባ ኮዳ የሰፈረበት ዛፍ ሥር መኪና አቆምኩ! ስንመለስ ኮፈኑ ላይ ኖራ የተደፋበት ይመስላል።

አባ ኮዳ እኮ የገዛ እግሩ ላይ የሚጸዳዳ ወፍ ነው። እግሩ ነጭ የሚመስለው ለዚያ ነው፤ ሙቀት የሚያበርደው እንደዚያ አድርጎ ነው። ለራሱ እግር ያልራራ ለኔ ኮፈን ሊራራ ነው?

በማግስቱ ለቅሶ ነበረብኝ። ሰኞ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ፈትጌ አነሳሁት። ኩሱ ለቀቀ፣ ምልክቱ ግን ቀረ። ተናድጄ ላቫጆ ወሰድኳት። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ የለመዱት እንደዚያ ነው። ጎማና ቸርኬ ያሹበትን ስፖንጅ እዚያው ባልዲ ውስጥ ነክረው ጣራዋን አሹላት። ሳሙናው ኦሞ ነው። «ከሥር ናፍጣ እንርጭላት?» ሲሉኝ ነው ደንግጬ የነቃሁት። ቤት ወስጄ ፀሐይ ላይ ሳያት ገላዋ ሁሉ የሸረሪት ድር መስሏል። ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው!

ሌላ ቦታ ደግሞ «ሴራሚክ እንቀባት፣ ከዚያ በኋላ ድንጋይም አይጭራት» አሉኝ። ዋጋው ከሁለት ወር ደመወዜ ይበልጣል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልከፍል ነበር። ቀብድ ላስይዝ ስል ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ አንድ ልጅ ይያት» ያለችኝ።

ልጁ የሚሠራው ግቢ ውስጥ፣ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ማስታወቂያ የለው፣ ምን የለው። ገና ስንገናኝ «ማዘር» ሲለኝ ትንሽ ከፋኝ። ሃምሳ ሞልቶኛል፣ ግን ያን ያህል ያስታውቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና በሩን ከፈተ። ወንበሮቹ ከፋብሪካ የመጡበትን ላስቲክ እንደለበሱ ናቸው።

«ማዘር፣ ይሄን ላስቲክ ለማን ነው የሚያቆዩት?»

«ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ነዋ!»

«ታዲያ እርስዎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት መቼ ነው?»

ምን ልበለው? ሳቅኩ።

ከዚያ ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ ኮፈኑ ላይ አስጠጋ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ነው። የሚቆጥረው በማይክሮን ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ሺህ ቦታ ቢከፈል አንዷ ማለት ነው። የፋብሪካ ቀለም ከሥር እስከ ላይ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከላይ ያለው፣ ቀለም የሌለው መስታወት መሳይ ሽፋን ደግሞ ከ35 እስከ 50 ቢሆን ነው። «ከአንድ ዘለላ ፀጉርዎ ይቀጥናል» አለኝ። የኔ የሸረሪት ድር ያለው እዚያ ላይ ነው። በማሽን ፖሊሽ ሲደረግ ጭረቱ የሚጠፋው ተሞልቶ አይደለም፣ ዙሪያው ተልጦ ነው። እኔ ደግሞ የመኪና ፖሊሽ እንደ ጫማ ቀለም የሚቀባ ይመስለኝ ነበር! በየበዓሉ ላስደርጋት ነበር ሐሳቤ።

ስለ ሴራሚኩም ጠየቅሁት። አላንቋሸሸውም። በደንብ ከተሠራ ውኃ ያንሸራትታል፣ ቆሻሻ ቶሎ ይለቅለታል፣ ከሰምም በጣም ይቆያል አለኝ። ግን በጣም ስስ ስለሆነ ጠጠር ሲወረወር ወይም ባጃጅ ታክኮ ሲያልፍ አያድንም። ኩስም ቢሆን ከደረቀበት ይበላዋል። ጠጠር የሚመክተው ቀለሙ ላይ የሚለጠፈው ግልጽ ፊልም ነው። እሱ 200 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ጥሩው ዓይነት ጥቃቅን ጭረት ሲያገኘው ሙቀት ላይ ራሱ ይመለሳል።

«እንግዲያው ሙሉውን አልብሳት» አልኩት። በሴራሚኩ ልከፍል የነበረውን እያሰብኩ ነው።

«የት የት ነው የሚነዱት?» አለኝ መልሶ።

ከቤት ሥራ፣ በወር አንዴ ሻሸመኔ፣ ለበዓል አዲስ አበባ።

«በቃ፣ የፊት ፓራውልቱን፣ የኮፈኑን የፊት ጠርዝ፣ የበሮቹን ጠርዝና ከእጀታው ሥር ጥፍር የሚጭረውን ቦታ እናልብስ። ሌላውን ሰም እቀባልዎታለሁ። ሰሙን በሁለት በሁለት ወሩ ራስዎ ይደግሙታል።»

እኔ ከፋይ ሆኜ ሄጃለሁ፣ እሱ ይቀንስልኛል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ገጥሟችሁ ያውቃል?

ሲሠራ ሁለት ጠዋት አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሥራው የሚጀመረው ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ የጋለ ኮፈን ላይ ውኃ ከደረቀ ነጠብጣቡ ይቀራል። መጀመሪያ አቧራውን በውኃ ብቻ ያወርዳል። ባልዲው ሁለት ነው፣ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ ለሚታጠብበት። ከጣራ ወደ ታች ይወርዳል። ቸርኬው የራሱ ጨርቅና የራሱ ብሩሽ አለው። የቻርጅ መሰኪያዋ አካባቢና ከኮፈኑ ሥር ግፊት ያለው ውኃ አያስነካም፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ሊጥ የሚመስል ነገር አወጣ። ገላዋን እያራሰ በሊጡ ያብሳል። እጄን አስነካኝ። ያልታበሰው ቦታ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ የታበሰው ብርጭቆ ነው። ዓይን አያየውም እኮ! ከመንገድ የሚረጭ ሬንጅና ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ ነው አለኝ። መሃል ላይ ሊጡ ከእጁ አምልጦ መሬት ወደቀ። አንስቶ ጣለው። አዲስ ቆረሰ። አጥቦ ይጠቀምበታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ርካሽ ነገር እንዳልሆነ ነግሮኛላ። «አንድ አሸዋ ቢይዝ መላ መኪናዋን ነው የምጭርልዎት» አለኝ።

ከዚያ በማሽን ፖሊሽ ሲያደርጋት የሸረሪት ድሩ በአብዛኛው ጠፋ። የአባ ኮዳው ምልክት ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ኩስ አሲድነት አለው፣ ፀሐይ ያገኘው ቀለም ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ ውስጥ ይበላል። እኔ ሁለት ቀን ነው ያቆየሁት፣ በዚያ ላይ በደረቁ ፈትጌዋለሁ። አሁንም በጎን ስታዩት ጥላ ነገር አለ። ልጁ ደጋግሞ ለክቶ አቆመ። «ይቺን ለማጥፋት ብዬ ሽፋኑን አልጨርስብዎትም።» ጠፍቷል ብሎኝ ቢሆን እኮ አምነው ነበር።

ወደ ውስጥ ስንገባ ላስቲኩን በመቀስ ቀደድነው። ልቤ ትንሽ ተነካ፣ አልዋሽም። ከሥሩ ጀርባዬ የሚያርፍበት ቦታ እርጥበት አምቆ መሽተት ጀምሯል። ክረምቱን እንዲህ ቢከርም ሻጋታ ነበር የሚያበቅለው። ደግሞ አንዳንድ መኪና፣ የኔም ጭምር፣ ከወንበሩ ጎን የሚወጣ ኤርባግ አላት። ወንበሩን ጥርቅም አድርጎ የያዘ ሽፋን መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። እህቴ የገዛችልኝን ጸጉራም የዳሽቦርድ ልብስም አነሳው፤ የተሳፋሪው ኤርባግ የሚፈነዳው በዚያ በኩል ነው። (እህቴ እስካሁን አኩርፋኛለች።) ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ደርቤ ነበር፣ አንዱን አወጣው፤ ተንሸራቶ ፍሬን ሥር ይገባል አለ። የሚያብረቀርቀውን የዳሽቦርድ ቅባት ደግሞ ጨርሶ አይወደውም። ፀሐይ ሲያርፍበት ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ይንጸባረቃል፣ መሪ ላይ ከተቀባ ደግሞ ያንሸራትታል። በሱ ፋንታ መኪናዋ ስትቆም መስታወቱ ላይ የሚዘረጋ የፀሐይ መከላከያ ግዢ አለኝ። ገዛሁ። የቀትር ሙቀቷ ለውጥ አለው።

ይሄን ሁሉ ባስተማረኝ በሳምንቱ የእህቴ ልጅ የአቮካዶ ጁሱን ኋላ ወንበር ሥር ደፋው። ደወልኩለት። «አይፈትጉት! በማንኪያ ያንሱና በእርጥብ ጨርቅ ጫን ጫን ያድርጉት።» ወጣልኝ። ለስልኩ ምክር አላስከፈለኝም።

እንከን የለውም አልልም። ሁለት ቀን ያለኝ ሥራ ሦስት ሆኗል፣ ያን ቀን በባጃጅ ተመላልሻለሁ። ደግሞ ትንሽ ይቆጣል። ኦሞ እንዳስነካኋት ስነግረው ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ጠቅላላ የከፈልኩት ግን ሴራሚኩ ከተጠየቅሁበት ያነሰ ነው።

አሞራ ገደል መሄድ አልተውኩም፤ ለመኪና ብዬ ዓሣ ልተው እንዴ? በሩ ኪስ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ አባ ኮዳ ጣራዋ ላይ አወረደው። ውኃ አፈሰስኩበት፣ እስኪርስ ጠበቅሁ፣ ሳልፈትግ አነሳሁት። አስተናጋጁ «እትዬ፣ ዓሣው እየቀዘቀዘ ነው» እያለ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ልጁ ጋ የምትሄዱ፣ ጠዋት በጊዜ ሂዱ። አንድ መኪና ከያዘ ሌላ አይቀበልም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉ። ካላነሳ እጁ ሳሙና ውስጥ ነው፣ ከምሳ በኋላ ሞክሩት።