የኮሎራዶ የተራራ ጎጆዎች፦ ምን ያቀርባሉ፣ እኛስ ምን ይዘን እንሂድ?

በአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት፣ በአስፐን፣ በቬይልና በሌድቪል ከተሞች መካከል ባሉት ተራሮች የሚገኙት የአሥረኛው ተራራ ክፍለ ጦር ጎጆዎች፣ በበረዶ ሸርተቴ ተጉዞ ጫካ ውስጥ ማደር ለሚሻ ሰው ከማውቃቸው ማረፊያዎች ሁሉ የላቁ ናቸው። ጎጆዎቹን የሚያስተዳድረውን ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 የመሠረቱት፣ ጎጆዎቹ ስማቸውን የወሰዱበት፣ በተራራና በበረዶ ለመዋጋት የሠለጠነው የአሜሪካ ክፍለ ጦር አባል የነበሩት አርክቴክት ፍሪትዝ ቤኔዲክት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎጆዎች በ1982 ተሠርተዋል።

የጎጆዎቹ ትልቁ ጥቅም ሸክም ማቅለላቸው ነው። ፍራሽና ትራስ፣ የእንጨት ምድጃ ከነማገዶው፣ የጋዝ ማብሰያ፣ ድስትና ሳህን እንዲሁም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት እዚያው ስላሉ፣ ለሌሊቱ ቀለል ያለ የመኝታ ከረጢት፣ ቅያሪ ካልሲ፣ የቤት ጫማ፣ የግንባር ባትሪና ስንቅ ይበቃሉ። ብዙ ሰው አብሮ ስለሚተኛ የጆሮ መድፈኛ መያዝም አይከፋም። ለስንቅ ሽሮን የሚያህል አላገኘሁም፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ከውኃና ከእሳት በቀር የሚጠይቀው የለም። ለመንገድ ደግሞ በሶና ቆሎ አሉ።

የቧንቧ ውኃ የለም። ውኃ የሚገኘው በረዶ በትልቅ ድስት ምድጃው ላይ ጥዶ በማቅለጥ ነው፤ ድስቱ ሥር አስቀድሞ ጥቂት ውኃ ካልተደረገበት ያራል፣ ውኃውም የጭስ ጣዕም ይይዛል። ድስት ሙሉ በረዶ ቀልጦ የሚወጣው ውኃ ጥቂት ስለሆነ ደጋግሞ መጨመር፣ ከመጠጣት በፊትም ማፍላት ያስፈልጋል። ጎጆዎቹ በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ ከዴንቨር 1,600 ሜትር በአንድ ቀን የወጣ ሰው ራሱን እንዳያመው አብዝቶ መጠጣት አለበት።

ጥንቃቄዬ ያለው ግን ከጎጆው ይልቅ በመንገዱ ላይ ነው። ጎጆው ብዙ ነገር ያቀርባል ተብሎ ከቦርሳ መቀነስ የሌለበት፣ ጎጆው ጋ ሳይደረስ ቢመሽ ወይም የበረዶ ናዳ ቢመጣ የሚያስፈልገው ዕቃ ነው። በኮሎራዶ ቀደም ብሎ የጣለው ስስ በረዶ በብርዱ ብዛት ከሥር እንደ ስኳር የላላ ንብርብር ስለሚሆን፣ በላዩ አዲስ በረዶ ሲከመርበት በቀላሉ ይናዳል። በናዳ የተቀበረ ሰው በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል፣ ከጓደኛ በቀር የሚደርስለት አይኖርም። ስለዚህ የተቀበረው ሰው ያለበትን የሚጠቁመው፣ በ457 ኪሎኸርዝ የሚሠራው የናዳ ጠቋሚ ሬዲዮ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ለእያንዳንዱ ሰው መኖር አለባቸው። ሬዲዮው ከመነሻ ጀምሮ በርቶ ከሰውነት ጋር ይታሰር፤ ሞገዱን እንዳያውክ ስልክም ይራቀው። በየዛፉ የተመቱት ሰማያዊ ምልክቶች መንገዱን ያሳያሉ እንጂ ከናዳ ነጻ መሆኑን አያረጋግጡም፤ ዛፍ በሌለበት ሜዳም ይጠፋሉ። ካርታ፣ ኮምፓስና ጂፒኤስ የግድ ናቸው። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል ዕለታዊ ትንበያም ከመነሳት በፊት ይነበብ።

ሽቅብ ሲወጣ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትት ከሸርተቴው ሥር የሚለጠፈው የመውጫ ልባስ ሙጫው በብርድ ስለሚለቅ፣ ሲወልቅ ጃኬት ውስጥ ይያዝ፤ ማሰሪያና ቴፕም አይርሳ። ወፍራም የላባ ጃኬት፣ ትርፍ ጓንት፣ ክብሪትና ውጭ ለማደር የሚረዳ ቀላል መሸፈኛ ከክብደታቸው በላይ ዋጋ አላቸው።

በበረዶው ወራት ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያዙ፣ ለሚችል ሰው የሥራ ቀናት ይሻላሉ። ጎጆውን ጠርጎ መውጣትና ቆሻሻን ይዞ መውረድ የእንግዳው ግዴታ ስለሆነ አንድ ሁለት ባዶ ፌስታል መያዝ ያስፈልጋል።