ባለ 127 ማርሽ ከመግዛታችሁ በፊት ባለ 63ቱን እዩ

መሳቢያዬ ውስጥ ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ተኝቷል። ብረት ነው፣ ያምራል፣ ያወጣሁበትን ገንዘብ ሳስብ ግን ያቃጥለኛል። እስከዛሬ አንድ ብሎን እንኳ አልሠራሁበትም። የኢንች ቶርኖ (ሊድ ስክሩ፣ ማለትም ቢላዋውን የሚነዳው ረጅም ብሎን፣ በኢንች ልክ የተሠራ) የገዛ ጓደኛ ሁሉ «የሚሊሜትር ጥርስ (የብሎን ጠመዝማዛ) ለማውጣት ምን ልግዛ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

የ127 ነገር ውሸት የለውም። አንድ ኢንች ልክ 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ በ5 ሲባዛ 127 ይመጣል። 127 ደግሞ ከራሱና ከ1 በቀር ለምንም አይካፈልም። ስለዚህ ፍጹም ልክ የሚል ሰው ከዚህ ማርሽ አያመልጥም። ጣጣው ስፋቱ ነው። የትንንሾቹ ቶርኖዎች ማርሽ ብዙ ጊዜ ሞጁል 1 (ሞጁል የማርሹን ጥርስ መጠን የሚናገር ቁጥር ነው) ስለሆነ፣ ባለ 127ቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 129 ሚሊሜትር ይሆናል። የእኔ ቶርኖ ክዳን አልዘጋ አለ። ማርሾቹን የሚይዘው ክንድም አልደረሰም። ማራዘሚያ ግዛ ተባልኩ፣ ገዛሁ፤ የእሱ ዋጋ ከማርሹ በለጠ። ቀጥሎ ደግሞ ክዳኑን ቁረጠው ተባልኩ። እዚህ ላይ በቃኝ።

ባለ 63ቱ ዋጋው የ127ቱን ሩብ አልሞላም፣ ክንድም አላስገዛኝም። 80ን ለ63 ስታካፍሉ 1.26984 ይመጣል፤ የሚፈለገው 1.27፣ ማለትም 127 ለ100 ነው። ልዩነቱ በ100 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ 0.0125 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የኤም 10 (የ10 ሚሊሜትር ብሎን) ዳዶ ውፍረት 8 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ስህተቱ አንድ ማይክሮን፣ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ዳዶው ራሱ ከዚያ የበለጠ ይወዛወዛል! ሊድ ስክሩ በኢንች 16 ጥርስ ከሆነ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው፦ 63ቱ 80ውን ያዙር፣ መሐል ላይ ያገኛችሁትን አገናኝ ማርሽ አስገቡ፣ 1.25 ፒች (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት በሚሊሜትር) ወጣ፤ ኤም 8 ማለት ነው። ለ1.5 ከ80ው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ 60 አስሩና ሊድ ስክሩ ላይ ያለውን 50 ያዙር።

«ምንም ሳልገዛ በኢንች 20 ጥርስ ባወጣውስ?» ያለኝም አለ። እሱ 1.27 ፒች ነው፣ ኤም 8 የሚፈልገው ደግሞ 1.25። ዳዶው ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ ይነክሳል፣ ከዚያ በመፍቻ ብትታገሉትም አይሄድም።

አሁን ወደ አስመሳዮቹ። የመጀመሪያው ባለ 63 ማርሼ ርካሽ ፕላስቲክ ነበር፣ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ትንሽ ወደ ጎን ሸሽቷል። በዓይን አይታይም። ያወጣሁት ጥርስ ግን አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ እያለ፣ ዳዶው እየላላ እየጠበቀ ይሄዳል። ጥፋቱን ቢላዋው ላይ አሳብቤ ስንት ጊዜ እንደሳልኩት! ሁለተኛው ብረት ነበር፣ ሻጩ «ይገጥማል» ብሎኛል፣ የጥርሱ አንግል ግን በ20 ዲግሪ ፈንታ 14.5 ኖሮ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር። ሦስተኛው ነው የሠራው። እናንተ ሦስት ጊዜ እንዳትከፍሉ ከማዘዛችሁ በፊት ያላችሁን ማርሽ በካሊፐር ለኩት፤ የጥርሶቹ ቁጥር ላይ 2 ደምሩና የውጭ ስፋቱን ለድምሩ አካፍሉ። 40 ጥርስ ኖሮት 42 ሚሊሜትር ከሆነ ሞጁሉ 1 ነው። አንግሉን ደግሞ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ 127ም ግዙ 63፣ ሃፍ ናቱን (ቢላዋውን የተሸከመውን ክፍል ከሊድ ስክሩ ጋር የሚያያይዘውን) ከጀመራችሁ በኋላ አትክፈቱት። ሚሊሜትር ላይ የቶርኖው ሰዓት (ሃፍ ናቱ መቼ እንደሚዘጋ የሚያሳየው) አይረዳችሁም። ቢላዋውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ሞተሩን በግልባጭ አዙሩ፣ ተመለሱ። ቻካችሁ (የሚሠራውን ብረት የሚይዘው) በጥርስ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ በድንገት አትገልብጡት፣ ተፈቶ ሊመጣ ይችላል። እኔ ከቁርጥራጭ ብረት የእጅ ማዞሪያ ሠርቼለታለሁ፤ ያለ ሞተር አዞረዋለሁ፣ ወጪው ዜሮ።

በማርሽ ፈንታ ሊድ ስክሩን በራሱ ሞተር የሚያዞረው የኤሌክትሮኒክሱ ነገር ያጓጓል። ቁልፍ ተጭኖ ፒች መቀየር ማንን ይጠላል? ግን ሞተሩ፣ ኢንኮደሩ (ዙር ቆጣሪው)፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ቀበቶው እያለ ሲደመር ለአንድ ማርሽ ብላችሁ ግማሽ ቶርኖ ገዛችሁ። የጓደኛዬ ኢንኮደር ከዋናው ሞተር ሽቦ ጋር ተጠጋግቶ ቆጠራ እየሳተ የደከመበትን ዘንግ አበላሸበት። ቀን በቀን የተለያየ ፒች የሚያወጣ ሰው ይግዛው።

ከኤም 6 በታች ከሆነማ ቶርኖውን ተዉት፣ ደህና ታፕና ዳይ (በእጅ ጥርስ ማውጫ) ግዙ።

ባለ 127ቱ ጥቅም የሚኖረው እንደ 300 ሚሊሜትር ያለ ረጅም የመለኪያ ዘንግ ስትሠሩ ነው፤ እዚያ የ63ቱ ስህተት 0.04 ሚሊሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው ካለ መሳቢያዬ ክፍት ነው፣ ክንዱንም እጨምርለታለሁ።