ቱሉ ዲምቱ ያለችው የቆርቆሮ ቸርች፦ የ7 ወር ትዝብቴ

ቸርች እንደ ምግብ ቤት ኮከብ ይሰጠዋል እንዴ የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእኔም ትንሽ ከብዶኝ ነበር። ግን ሰፈር የቀየረ አማኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ጥሩ ትምህርት ቤት የት አለ፣ ቸርች የት ትሄዳላችሁ። ሁለቱን የሚመልስላችሁ ሞልቷል። ሦስተኛውን ስትጠይቁ ግን ሁሉም "የኛን መጥተሽ እዪ" ነው መልሱ። ጭቃው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ልጅ ይዞ መቀመጥ ይቻል እንደሆነ የሚናገር የለም። እኔ ልንገራችሁ። የቸርቹን ስም አልጠራም፣ የምወቅሰውም ነገር ስላለ። የሰፈሩ ሰው የቱን እንደምል ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ያውቀዋል።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባነው ባለፈው ነሐሴ ነው። የአዳማው የፍጥነት መንገድ መግቢያ ካለበት ከኛ ሰፈር መሀል ከተማ እሁድ እሁድ መመላለስ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። እስከ ጥር ድረስ እዚያው 9 ዓመት የኖርኩበት ትልቅ ቸርች እሄድ ነበር። ወደ ቃሊቲ አንድ ታክሲ፣ ከቃሊቲ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ልጄ ጭኔ ላይ ተኝቶ፣ እኔ ደግሞ ቦርሳዬን ጠብቄ ይዤ ስደርስ ዝማሬው አልቆ ማስታወቂያ ላይ ናቸው። መቅረት ጀመርኩ። አንዴ ሦስት እሁድ በተከታታይ ቀረሁ። "የት ጠፋሽ?" ያለኝ ሰው የለም። አልተቀየምኩም፣ በሺህ ከሚቆጠር ሰው መሀል ማን ማንን ያያል። ግን ገባኝ።

ይቺኛዋ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በእግር 10 ደቂቃ ነች። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ፣ ወለሏ ግማሹ ሊሾ ግማሹ ጠጠር፣ ወንበሩ ፕላስቲክ። ጥር ላይ ስሄድ ችግሩ አቧራ ነበር። ከሰኔ በኋላ ግን የአቃቂ ጥቁር አፈር ራሱን አሳየኝ፤ ዋልካ ነው፣ እግር ሲገባበት ጫማውን አስቀርቶ እግሩን ብቻ ነው የሚመልሰው። ታዲያ በሩ ላይ ሁለት ድንጋይ ላይ በሲሚንቶ የተያዘ ብረት አለ፣ ሶላችሁን የምትፍቁበት። አጠገቡ ባልዲ ውኃና ጨርቅ። አንድ ዝናባማ እሁድ ሱፍ የለበሰ አስተናጋጅ በርከክ ብሎ የልጄን ጫማ በእንጨት እየፋቀ ሲያዋራው አየሁ። "አንተ ደግሞ ጭቃውን ሁሉ ለምን ብቻህን ታመጣዋለህ?" ልጄ ስቆ ስቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት እሱ ነው የሚቀሰቅሰኝ።

ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ይጀምራል ይላል ወረቀቱ። ሦስት ሰዓት ላይ ከሄዳችሁ የምታገኙት ማይክ የሚሞክረውን ልጅና ቀድመው የመጡ አምስት እናቶችን ነው። ሦስት ተኩል ላይ ይሞቃል። ደግሞ ሲሞቅ ይሞቃል! ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አንዳንዴ ክራር። አምልኮው አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ሰው ይዘላል፣ ያለቅሳል፣ እጁን ያነሳል፣ ያጨበጭባል። እኔ በተፈጥሮዬ ቆም ብዬ የምዘምር ነኝ፣ ማንም ለምን አልዘለልሽም አላለኝም። የሚገርመው ቋንቋው ነው። አንዱ መዝሙር በአማርኛ ይጀመርና በአፋን ኦሮሞ ይቀጥላል፣ ከዚያ በወላይትኛ የሆነ ነገር ሲመጣ የኋላው ወንበር በሙሉ ብድግ ይላል። የኮንዶሚኒየሙ ግንባታ ላይ በቀን ሥራ የመጡ ከደቡብ የሆኑ ልጆች ብዙ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ብሎኬት ተሸክመው እሁድ ያንን ሁሉ መዝለል ከየት እንደሚያመጡት እንጃ።

ድምፁ ግን ከመጠን ያለፈ ነው። አዳራሿ ትንሽ፣ ስፒከሩ የስታዲየም። ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ ደረታችሁ ውስጥ ሌላ ልብ ያለ ይመስላል። ሁለት ጊዜ ለሽማግሌዎች ተናግሬያለሁ። "እህታችን ልክ ነሽ፣ እናስተካክላለን" አሉኝ በጣም በትሕትና፣ በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ስፒከር ተጨምሮ አገኘሁት። ሕፃን የያዘች እናት ከኋላ በግራ በኩል ባለው በር አጠገብ ትቀመጥ፤ ምክሬ ነው።

ስብከቱ ጥሩ ነው። ፓስተሩ ጎበዝ ተናጋሪ አይደለም፣ ያነባል፣ ያብራራል፣ አንዳንዴ ያረዝማል። ሐምሌ ላይ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ስፒከሩም አቅም ያንሰዋል። መጀመሪያ ቀን ምን ሊያደርግ ይሆን ብዬ ሳየው መጽሐፉን ዘጋና በእጁ ተነሱ አለን። ዝናቡ እስኪያባራ ሃያ ደቂቃ ሁላችንም ጮክ ብለን ጸለይን። ሲያባራ ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ደመና ሳይ ልስቅ ይቃጣኛል።

የማልወደውንም ልበል። ማስታወቂያው መጨረሻ የለውም። አንዴ ሰዓት ይዤ 25 ደቂቃ ሆነ። መስጠቱ ደግሞ ሦስት ዙር ነው፤ አስራት፣ መባ፣ ከዚያ ለሕንፃ። የሕንፃው ይገባኛል፣ ቆርቆሮ ውስጥ ለዘላለም አይኖርም። ግን ደመወዝ ሳይወጣ በወሩ መጨረሻ ሦስተኛው ከረጢት ሲመጣ ሰው መሬት መሬት ሲያይ ይታያል፣ ይጨንቃል። መጸዳጃ ቤቱ ሁለት ነው ለዚያ ሁሉ ሰው፣ ወረፋውን አስቡት። ሚያዝያ ላይ ደግሞ እንግዳ አገልጋይ ጋብዘው ነበር። ሰውየው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልክ ቁጥር እየጠራ፣ የቤት ቀለም እየተናገረ፣ "ዘር ዝሩ" (ገንዘብ ስጡ ማለቱ ነው) ሲል ዋለ። እኔ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ብቻዬን አልነበርኩም፣ ውጭ ስወጣ ግማሹ ሰው ግቢ ውስጥ ቆሟል። በሳምንቱ ፓስተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ "መጋበዙ የኛ ስህተት ነው፣ ይቅርታ" አለ። በአጭሩ። ቸርች ውስጥ መድረክ ላይ ይቅርታ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ይህንን ሁሉ የጻፍኩትም ለሱ ነው። ዓርብ ጠዋት የጾም ጸሎት አላቸው። ሁሉም በአንዴ ድምፁን አውጥቶ ነው የሚጸልየው። የብሎካችን ጎረቤቴ፣ ኦርቶዶክስ ነች፣ አንድ ቀን ለማየት አብራኝ መጥታ "ሁላችሁም ካወራችሁ ማን ነው የሚያዳምጠው?" አለችኝ። ተሳሳቅን። ከጸሎቱ በፊት ግን ወረቀት ይታደላል፣ የጸሎት ርዕስ የሚጻፍበት። እኔ የካቲት ላይ "ለእናቴ ዓይን" ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። የዓይን ሞራ ነው፣ ቀዶ ጥገና ተቀጥሮላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ጽፌ ረሳሁት። የድሮው ቸርቼም ሳጥን ነበረው፣ ለዓመታት ጽፌ ከትቼበታለሁ፣ ወረቀቶቹ የት እንደሚሄዱ ጠይቄም አላውቅ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የማላውቀው ስልክ ደወለ። "ልጄ፣ የእናትሽ የትኛው ዓይናቸው ነው? እዚህ ደብተሬ ላይ ዓይን ብቻ ብለሽ ነው የጻፍሽው።"

"የግራው" አልኩ፣ ማን እንደሆኑ ሳላውቅ።

"እሺ፣ የግራ... ቀኑስ መቼ ነው?"

ሁሉም ማዘር ነው የሚላቸው። ሰባ ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ የማላጆች ቡድኑን፣ ስለ ሌላው ሰው የሚጸልዩትን፣ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ደብተሩን በኋላ አሳይተውኛል። ተራ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነው፣ በፌስታል ተለብጧል። በግራ ቀንና ስም፣ መሀል ላይ ጉዳዩ፣ በቀኝ ባዶ ቦታ። ጉዳዩ ሲፈታ ቀኑን በቀይ እስክሪብቶ ባዶው ቦታ ላይ ይጽፋሉ። "ቪዛ"፣ "ለባሏ መጠጥ"፣ "ማትሪክ"፣ "የተሰረቀ ሞተር"። ሞተሩ በቀይ ተጽፎበታል፣ ተገኝቷል ማለት ነው። ደብተሩ ሲያልቅ ያልተፈቱትን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ በእጃቸው ይገለብጣሉ። ፎቶ ኮፒ ለምን አያደርጉትም ብዬ ጠየቅኳቸው። "ስገለብጠው እኮ ነው የምጸልየው" አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

የቀዶ ጥገናው ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ከቸርቹ አንድ ወንድም ራይድ የሚሠራበትን መኪና ይዞ መጥቷል። ሒሳብ አልቀበልም አለ። የነዳጅ ብቻ እንኳ ብዬ ለመንኩት፣ "ማዘር ይቆጡኛል" ብሎ ሄደ።

ረቡዕ ማታ ደግሞ የቤት ለቤት ሕብረት አለ፣ በየብሎኩ። የኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ 12 ሰዓት ተኩል። አሥር አሥራ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሶፋ፣ የተቀረው ፍራሽ ላይ። መዝሙር በለሆሳስ፣ አንድ ክፍል ይነበባል፣ ውይይት፣ ጸሎት፣ ሻይ በዳቦ። ከእሁዱ ይልቅ ይሄኛው ነው ለእኔ ቸርች። ማዘር አንድ ማታ ለምን ቀስ ብለን እንደምንዘምር ልጆቹ ሲጠይቋቸው፣ "ለጎረቤት ብለን ነዋ፣ እኛ ግን የለመድነው ከደርግ ነው" አሉ። በዚያ ዘመን ቸርቾች ሲዘጉ ሰዉ ቤት ለቤት ነበር የሚሰበሰበው፤ ቡና ቀርቦ፣ ሰው የመጣ እንደሆነ ቡና ጠጪ ለመምሰል። መሠረተ ክርስቶስ የሚባለው የፕሮቴስታንት ቸርች ለምሳሌ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋ አባላቱ 5,000 ገደማ ነበሩ፣ ደርግ ሲወድቅ ወደ 34,000 ደርሰው ነው የወጡት። ያለ አዳራሽ፣ ያለ ስፒከር። ይህን ስሰማ በልቤ ያንን የስታዲየም ስፒከር አሰብኩት።

ከጎረቤት ጋር ስላለው ነገርም ትንሽ። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ ፕሮቴስታንት ከመቶ 8 እንኳ አይሞላም ነበር፣ ብዙው ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ነው፣ ሙስሊሙም አለ። ስለዚህ የእሁዱ ጩኸት ያስቀይማል፣ ባያስቀይም ነበር የሚገርመው። ዕድር ላይ ግን አንድ ነን። ሐምሌ ላይ ከታች ፎቅ ያሉ ሰውዬ ሲሞቱ ድንኳኑን ዕድሩ ተከለ፣ የኛ ሕብረት ሴቶች ሽንኩርት ሲከትፉ አመሹ። ረቡዕ ስለነበረ ሁሉም የጾም ተሠራ፣ ማንም ሳይነግራቸው። የዚያን ቀን ሕብረቱ ለቅሶ ቤት ሆነ በቃ፣ ሌላ ፕሮግራም አልነበረም።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለዝማሬው 4፣ ለድምፁ 2፣ ለማስታወቂያው 1፣ ለሕፃናቱ ክፍል 3 (አስተማሪዎቹ ደጎች ናቸው፣ ግን ስልሳ ልጅ በአንድ የቆርቆሮ ክፍል ለሦስት ሰው ይከብዳል)። ለደብተሩ 5፣ ካለ 6።

ለመምጣት ያሰባችሁ፦ ታክሲው አስፋልቱ ዳር ነው የሚያወርዳችሁ፣ ከዚያ ድምፁን ተከተሉ፣ አትስቱትም። እስከ መስከረም አጋማሽ ቦቲ አድርጉ፣ ነጭ ጫማ እንዳታስቡት። ሦስት ተኩል ድረሱ፣ እስከ ስድስት ተኩል የሚይዛችሁ ቁርስ ብሉ። መጸዳጃ ቤት ከቤታችሁ ተጠቅማችሁ ውጡ። የጸሎት ርዕስ ስትጽፉ ዘርዘር አድርጉት፣ አለበለዚያ ይደወልላችኋል።

የእናቴ ዓይን በቀይ ተጽፎበታል፣ መጋቢት 4። "አራተኛ ፎቅ ውኃ እንዲወጣ" የሚለው የብሎካችን ጉዳይ ግን እኔ ከመምጣቴ በፊት የተጻፈ ነው። ባለፈው ዓርብ ሦስተኛ ደብተር ላይ ሲገለበጥ አይቼዋለሁ።