ለአሮጌ ቮልስ የፖይንት ምትክ፦ የፔርትሮኒክስ ኢግናይተር ግምገማ

መጀመሪያ የማይሠራውን እናስቀድም። ይህ ዕቃ የቮልሳችሁን ጉልበት አይጨምርም፤ ካርቡራተሩ የታመመበትን ሞተርም አያድንም። የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለውን ኮንታክት ፖይንት (ኤሌትሪኩን እየቆረጠ እሳት የሚያስነሳውን መገናኛ) እና ከጎኑ የታሰረውን ኮንደንሰር (የፖይንቱን ብልጭታ የሚያፍነውን) አስወጥቶ በቦታቸው ማግኔት የሚያነብ ትንሽ ሞጁል ይተካል። አንዴ በልኩ የተመታ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይቆያል። ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን ለካርቡራተር ዕድሳት ቢያውለው ይሻለዋል።

ፖይንት ለምን እንደሚያስቸግር የቮልስ ባለቤት ሁሉ ያውቀዋል። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በካሙ (ፖይንቱን በሚከፍተው ማዕዘን ባለው ዘንግ) ላይ የሚታከከው የፋይበር ተረከዝ እየሳሳ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ፖይንቱ ዘግይቶ ይከፈታል፤ ስለዚህ ታይሚንጉ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ለውጡ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ሹፌሩ አያስተውለውም፤ ዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ መቀነስ ሲጀምር ነው የሚገባው። በዚህ ላይ ገበያ ውስጥ ያለው አዲስ ኮንደንሰር ጥራቱ የወረደ ነው፤ ከሳጥን ወጥቶ በሳምንቱ የሚሞት አለ። ፖይንቱ በአጭር ጊዜ ከተቃጠለ ወይም አንዱ ፊቱ ጎድጉዶ ሌላው ላይ ጉብታ ከበቀለበት ቀድሞ የሚጠረጠረው ኮንደንሰሩ ነው።

ሲገዙ መለየት ያለበት የዲስትሪቢዩተሩ ዓይነት ነው። ቫኪዩም (በሞተሩ የአየር መሳብ ታይሚንጉን የሚያስቀድም ክፍል) የሌለው፣ በሚሽከረከሩ ክብደቶች ብቻ የሚያስቀድመው ቦሽ 009 የራሱ ሞጁል አለው፤ ቫኪዩም ያለውም እንዲሁ። ከጎኑ ክብ ቆርቆሮና ቀጭን ቱቦ ካለ ቫኪዩም ነው፤ ከሌለ 009 ወይም ቢጤው ነው። የሰውነቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅና በቤንዚን ጠርጋችሁ አንብቡ እንጂ ሻጩ በዓይኑ አይቶ እንዲፈርድ አትተዉት። መኪናው 6 ቮልት ከሆነም የ12 ቮልቱ ሞጁል አይሠራላችሁም፤ ቮልስ በአብዛኛው ወደ 12 ቮልት የዞረው ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው።

ቀጥሎ ቦቢናው፣ ማለትም የባትሪውን ቮልቴጅ ለካንዴላ የሚያሳድገው ጥቅልል። ለዚህ የመጀመሪያ ትውልድ ሞጁል በአራት ሲሊንደር ሞተር ላይ የቦቢናው ዋና ጥቅልል ቢያንስ 3 ኦም መሆን አለበት። መልቲ ሜትሩን በቦቢናው 15 (ፖዘቲቭ) እና 1 (ኔጌቲቭ) ቁጥር ተርሚናሎች መካከል፣ ገመዶቹን ነቅላችሁ፣ ለኩ። 3 ኦም ላይ በ12 ቮልት 4 አምፔር ያልፋል፤ ሞጁሉ ይችለዋል። 1.5 ኦም የሆነ ቦቢና ከሰጣችሁት 8 አምፔር ይሆናል፤ ሞጁሉ ግሎ ይሞታል፣ ስሙም «ቻይና ነው» ተብሎ ይጠፋል። «ኃይለኛ ቦቢና» እየተባለ ከሚሸጠው አነስተኛ ኦም ያለው ስላለበት ሳትለኩ አትግዙ። 0.6 ኦም ቦቢና የሚሄደው ከኋለኛው ትውልድ፣ ከኢግናይተር 2 ጋር ነው።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፤ ካቻቢቴና ትዕግሥት ይበቃል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ኔጌቲቩን ንቀሉ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ሁለት ቅንጥቦች አላቁ፣ ሮተሩን ወደ ላይ ሳቡ፣ የፖይንቱን አንድ ብሎን ፍቱ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብሎኗ ትንሽ ናት፤ ካመለጠች በሳህኑ ክፍተት ሾልካ ክብደቶቹ መካከል ትገባለች፤ እሷን ሳያወጡ ሞተር ማስነሳት ዲስትሪቢዩተሩን መስበር ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ማግኔት አስነክታችሁ ወይም ጥቂት ግሪስ ቀብታችሁ ፍቱ፣ በሳህኑ ዙሪያም ጨርቅ ጠቅጥቁ።

ኮንደንሰሩ ወጥቶ የሞጁሉ ሳህን በፖይንቱ ቀዳዳ ላይ ይታሰራል። ሳህኑ የሚቀመጥበት ቦታ ከአሮጌ ዘይትና ከግሪስ መጽዳት አለበት፤ ሞጁሉ መሬቱን የሚያገኘው በዚያ ንክኪ ነው። ከዚያ የማግኔቱ ቀለበት ካሙ ላይ ይወርዳል። ዝም ብሎ አይገፋም፦ በጣት ቀለል አድርጎ እየጫኑ ማዞር፣ ከካሙ ማዕዘኖች ጋር ሲገጥም ቁጭ ሲል ይሰማል። ካልተቀመጠ ሮተሩ ከፍ ብሎ ይቀርና ክዳኑን ይመታል። ገመዶቹ በሰውነቱ ቀዳዳ ሲወጡ ማግኔቱን እንዳይነኩ ትንሽ ላላ ብለው ግን ተጠግተው ይያዙ፤ ቫኪዩም ባለው ላይ ሳህኑ ስለሚንቀሳቀስ ተወጥረው ከታሰሩ በወራት ውስጥ ይበጠሳሉ። ቀዩ ወደ ቦቢናው 15፣ ጥቁሩ ወደ 1። ተገላብጠው ቁልፍ ከተከፈተ ሞጁሉ ወዲያው ይቃጠላል፤ ጥገና የለውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር። የቮልስ ባትሪ መሐል፣ ቁልፉ ፊት፣ ቦቢናው ኋላ ነው። ኤሌትሪኩ መኪናውን ወደ ፊት ሄዶ በቁልፉ ዞሮ ወደ ኋላ እስኪመለስ ሃምሳ ዓመት የቆየ ሽቦና የዛገ ተርሚናል ይሻገራል። በዚያ ላይ 15 ቁጥር ላይ ቦቢናው ብቻ አይደለም ያለው፤ የአውቶማቲክ ቾኩ ሽቦና የሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት) ቤንዚን መዝጊያው ሽቦም እዚያው ይሰካሉ። የዚያ ተርሚናል ምላስ ላልቶ አረንጓዴ ዝገት ካወጣ ፖይንት እንደምንም ይታገሠዋል፤ ሞጁሉ ግን ቮልቴጁ ሲቆራረጥ መኪናውን ይንጠዋል ወይም ያጠፋዋል። ስለዚህ ሞጁሉ ከመግባቱ በፊት፣ ፖይንቱ እንዳለ፣ ቁልፍ ከፍታችሁ ፖይንቱ የተዘጋበት ቦታ ላይ ሞተሩን አቁሙና 15 ላይ ያለውን ቮልት ከባትሪው ጋር አወዳድሩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ መጀመሪያ ምላሶቹን ቀይሩ፣ ፊውዝ ሳጥኑን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፤ ካልረዳ ከባትሪው በፊውዝ አድርጎ ሪሌ ማስገባት ነው። «ገዝቼው አልሠራልኝም» ከሚባሉት ሞጁሎች አብዛኞቹ ጥፋታቸው እዚህ ነው።

የታይሚንግ ልማዳችሁም መቀየር አለበት። በፖይንት ጊዜ ቁልፍ ከፍቶ ከ1 ቁጥር ወደ መሬት አምፖል አስሮ ዲስትሪቢዩተሩን ማዞር ነበር። በዚህ ሞጁል ሞተር ሳይዞር ቁልፍ ክፍት መተው ዋናው የሞት መንገድ ነው፤ ቦቢናው ሳይቋረጥ እየተጫነ ሁለቱም ይግላሉ። ኢግናይተር 2 ከዚህ ራሱን ይጠብቃል፣ የመጀመሪያው ግን አይጠብቅም። ሬዲዮ ለመስማት ቁልፍ ከፍቶ መቀመጥም ያው ነው፤ ልጆችና መኪና አጣቢዎች ቁልፉን እንዳይነኩት ተናገሩ።

ስለዚህ የታይሚንግ መብራት ያስፈልጋል። 009 ላይ የሚመታው በሚኒሞ ሳይሆን ሞተሩ 3,000 ዙር አልፎ ክብደቶቹ ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ ነው፤ 30 ዲግሪ ቅድሚያ (ፒስተኑ ላይኛው ነጥብ ከመድረሱ 30 ዲግሪ በፊት)፣ ከ32 አይለፍ። ፋብሪካው ፑሌጃ 30 ዲግሪ ምልክት ስለሌለው የፑሌጃውን ዙሪያ በሜትር ለክታችሁ ለ12 አካፍሉት፤ የተገኘውን ርዝመት ከላይኛው ነጥብ ምልክት ወደ ቀኝ ለኩና ነጭ ቀለም አድርጉበት። መብራቱ ሲበራ ነጩ መስመር ከሞተሩ ሰውነት ስፌት ጋር ይግጠም። የዲስትሪቢዩተሩ ማሰሪያ በ10 ቁልፍ ይላላል፤ የእሳት ተራው 1-4-3-2 ነው፣ ሮተሩም በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ሞተሩ ትንሽ ተጨማሪ ቅድሚያ ሳያንኳኳ ይሸከማል። ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ቁልቁል የሚወርድ ግን ወደ ልኩ ይመልሰው፤ በሙቀትና በወፍራም አየር ማንኳኳት ፒስተን ይበላል።

አንድ ስውር ነገር ደግሞ አለ። ብዙዎቹ የድሮ የፋብሪካ ዲስትሪቢዩተሮች ለ3ኛው ሲሊንደር ካሙ ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ እንዲመታ ተደርጎ የተቆረጠ ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ አየሩን ስለሚያሞቅበት። የማግኔቱ ቀለበት አራቱንም እኩል ይመታል፤ ያ ጥበቃ ይቀራል። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣው ከዚያ የአየር መንገድ ወጥቶ የራሱን ቤት ስላገኘ ችግር የለውም። የቀድሞ ሞተር ያለው ግን ታይሚንጉን 28 ላይ አድርጎ የ3ኛውን ካንዴላ ቀለም እየተመለከተ ይቆይ።

የካንዴላ ገመድም ይታይ። ጫፉ ላይ ምንም ሬዚስታንስ የሌለው ባዶ መዳብ ገመድ ሞጁሉን ያውካል፤ የቦሽ ገመድ ጫፎቹ ሬዚስታንስ ስላላቸው ደህና ነው። የካንዴላውን ክፍተት 0.7 ሚሊ ሜትር ላይ መተው ይበቃል።

ተገጥሞ ሲያልቅ ልዩነቱ በጆሮ የሚሰማው ሚኒሞ ላይ ነው፤ ዙሩ አይዋልልም፣ ጠዋት ሲነሳ የሚሰማው መጎተትም ይቀንሳል። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ የላላ ከሆነ ሞጁሉ ከፖይንት በተሻለ ይታገሠዋል፤ በጣት ሲነቀነቅ በግልጽ የሚጫወት ዘንግ ግን ቡሽ ይፈልጋል። 009 ከነጠላ ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡራተር ጋር ሲሆን ጋዝ ሲረገጥ የሚያሳየው ቅጽበታዊ መደናቀፍ አይጠፋም፤ ምክንያቱ የቫኪዩም አለመኖር እንጂ ፖይንቱ አልነበረም። ይህ የሚያስመርራችሁ ከሆነ ቫኪዩም ያለው ዲስትሪቢዩተር ፈልጋችሁ ለእሱ የሚሆነውን ሞጁል ግዙ፤ ለእኛ ዳገትና ለከተማ ትራፊክ ይህኛው ጥምረት ይበልጣል።

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ አሮጌዋን ይዞ መቆየት የሚፈልገው በዝቷል፤ ሞጁሉ ግን ሶማሌ ተራ ሁልጊዜ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የሚገባው። መንገድ ላይ ከሞተ የሚጠገን ነገር የለውም። ስለዚህ የወጣውን ፖይንትና ኮንደንሰር አትጣሉ። 0.4 ሚሊ ሜትር ፊለር፣ ካቻቢቴና 10 ቁልፍ ጨምራችሁ በአንድ ላስቲክ ኪስ ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጡ። ሲመለስ የማግኔቱ ቀለበት መውጣት እንዳለበት አትርሱ፤ ካልወጣ የፖይንቱ ተረከዝ ካሙን አያገኘውም። ፖይንቱ የሚመታበት ቦታ ከሞጁሉ ጋር አንድ ስለማይሆን፣ ሞጁሉን ከመግጠማችሁ በፊት በፖይንት በትክክል የሚሄድበትን ቦታ በዲስትሪቢዩተሩ አንገትና በሞተሩ ላይ በጭረት ምልክት አድርጉበት፤ ከገጠማችሁ በኋላ የሞጁሉን ሁለተኛ ጭረት ጨምሩ፣ በአንዱ ላይ «ፖ»፣ በሌላው ላይ «ማ» ብላችሁ ጻፉ።