ዎልፔፐር በጋውም ክረምቱም ካለፈበት በኋላ፦ ሦስት ዓይነት፣ አንድ ቤት

እዚህ የምንገመግማቸው ሦስት የዎልፔፐር ዓይነቶች አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት በጋውንም ክረምቱንም አሳልፈዋል። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኖ በጂፕሰም ተስተካክሎ ቀለም ተቀብቷል። ሳሎን ላይ ያለው በኮላ የሚለጠፍ፣ ጀርባው ፋይበር የሆነ ቪኒል፣ ማለትም ፊቱ ፕላስቲክ የሆነ ዎልፔፐር ነው። መኝታ ቤቱ ላይ ራሱ የሚጣበቀው የፕላስቲክ ጥቅል፣ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ጡብ የሚመስለው የፎም ሰሌዳ አለ። ፍርዱን ቀድሞ ለሚፈልግ፦ ሳሎኑ እንደተለጠፈ ነው፤ መኝታ ቤቱ በአንድ ወገን ደህና ሆኖ በሌላው ሻግቷል፤ ኮሪደሩ ግን ለማንም አይመከርም። ይህን ልዩነት ያመጣው አበባውም ዋጋውም አይደለም፤ የዎልፔፐሩ ጀርባና የተለጠፈበት ግድግዳ ነው። ሱቅ ገብቶ ናሙናውን ገልብጦ ጀርባውን የሚያይ ደንበኛ ግን ብዙም አይገኝም።

ፊታቸው አንድ የሚመስል ሁለት ቪኒሎች ጀርባቸው ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ተራ ወረቀት፣ ሌላው ፋይበር። ለመለየት ጫፉን ትንሽ ቀደድ ማድረግ ይበቃል። ወረቀቱ እንደ ደብተር ቅጠል ቀጥ ብሎ ይቀደዳል፤ ፋይበሩ እሺ አይልም፣ ሲቀደድም ጭረት ጭረት ያወጣል። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ፋይበሩ እንዳለ ይቀመጣል።

ይህ ልዩነት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። ወረቀት ጀርባ ያለው ኮላ ሲነካው እርጥበት ጠጥቶ በስፋቱ ይለጠጣል። ስለዚህ ኮላው ወረቀቱ ላይ ይቀባና የተቀባው ከተቀባው ጋር እንዲገጥም ታጥፎ፣ እሽጉ ላይ እንደተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል። ሳይቆይ ከተለጠፈ መለጠጡን ግድግዳው ላይ ይጨርሳል፤ አንዳንድ ቤት የሚታየው እንደ አረፋ ያበጠ ነገር ከዚህ የሚመጣ ነው። አንዱ ቁራጭ 3 ደቂቃ፣ ቀጣዩ 12 ደቂቃ ከቆየ ደግሞ ስፋታቸው ስለሚለያይ አበባው አልገጥም ይላል። ፋይበር ጀርባ ያለው አይለጠጥም፣ ሲደርቅም አይሰበሰብም። ኮላው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይቀባል፣ ጥቅሉ ደረቁን ይለጠፋል። የሳሎኑ መጋጠሚያ ከበጋው ድርቀት በኋላም ያልተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ለመለጠፍ ያሰበ ሰው ሌላ ዓይነት ባያይ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ፤ ገንዘብ የሚባክነውም ሥራ መሀል ላይ የሚቆመውም እዚህ ነው። የተለመደው ጥቅል ስፋቱ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር ያህል ነው፤ 5.3 ካሬ ይሸፍናል ተብሎ ይሸጣል። 4 ሜትር ስፋትና 2.6 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ 10.4 ካሬ ነው። ሻጩ ለ5.3 አካፍሎ “ሁለት ጥቅል ይበቃል” ይላል። አይበቃም። ግድግዳው 53 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ቁራጮች ሲሸፈን 8 ቁራጭ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከላይና ከታች ለመከርከሚያ 5፣ 5 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮበት 2.7 ሜትር ይሆናል። ከአንድ ጥቅል የሚወጣው 3 ቁራጭ ብቻ ነው፤ የሚተርፈው 2 ሜትር ገደማ ከመስኮት በላይና በታች ካልሆነ አይውልም። ሁለት ጥቅል 6 ቁራጭ ስለሚሰጥ ግድግዳው ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ይጎድላል። ትክክሉ 3 ጥቅል ነው። ካሬ በካሬ ማካፈል ለሴራሚክ ይሠራል እንጂ ለዎልፔፐር አይሠራም።

የአበባው ድግግሞሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። እሽጉ ላይ 64 የሚል ቁጥር ካለ ሥዕሉ በየ64 ሴንቲ ሜትሩ ይደገማል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ቀጣዩ የ64 ብዜት ከፍ ብሎ ይቆረጣል። ለ2.6 ሜትር ከፍታ ቁራጩ 3.2 ሜትር ይሆናል፤ ሦስቱ 9.6 ሜትር ስለሚወስዱ አሁንም ከአንድ ጥቅል ይወጣሉ። ኮርኒሱ 3.2 ሜትር ላይ በሆነ የድሮ ቤት ግን ነገሩ ይከፋል፦ ድግግሞሽ የሌለው ዎልፔፐር 3 ቁራጭ ሲሰጥ ባለ 64ቱ ቁራጩ 3.84 ሜትር ስለሚደርስ 2 ብቻ ይሰጣል። ቁጥሩ 64/32 ተብሎ ከተጻፈ እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ 32 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ነው የሚገጥመው፤ ብክነቱ ይጨምራል፣ ጀማሪውም ይደናገራል። እሽጉ ላይ ካለው የቀስት ምልክት አጠገብ 0 ካለ የሚገጣጠም ሥዕል የለም፤ ለጠባብ ቤት ይህኛው ይመረጣል።

ሁሉም ጥቅል ላይ የምርት ዙር ቁጥር ታትሟል። ስሙም ኮዱም አንድ ሆኖ የዙሩ ቁጥር ከተለያየ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል፤ ጥቅል ሆኖ አይታይም፣ ጎን ለጎን ሲለጠፍ ግን በቀን ብርሃን ያፈጣል። ከሱቅ ሳትወጡ የሁሉንም ቁጥር አስተያዩ። አንድ ትርፍ ጥቅል ግዙ፤ ያ ዕቃ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ከሌላ ዙር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እሽጉ ላይ ያሉትን ምልክቶችም ችላ አትበሉ። አንድ ሞገድ ማለት ሲለጠፍ የፈሰሰ ኮላ በእርጥብ ስፖንጅ ይነሳል ማለት ብቻ ነው፤ ይታጠባል ማለት አይደለም። ሁለት ሞገድ ይታጠባል፣ ሦስት ሞገድ በደንብ ይታጠባል፣ ብሩሽ ያለበት ይፈገፈጋል። ልጆች ላሉበት ቤት ከሁለት ሞገድ በታች አይታሰብ። የፀሐይ ምልክቱ ግማሽ ከሆነ የብርሃን መቋቋሙ መካከለኛ ነው፣ ሙሉ ከሆነ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሙሉ ፀሐይ ያለበትን ይፈልጋል። መኝታ ቤት ያለው የፕላስቲክ ጥቅል ይህ ምልክት አልነበረውም፤ ስዕል ተሰቅሎበት የቆየው ቦታ ስዕሉ ሲነሳ ጠቆር ብሎ ታይቷል።

ግድግዳውን መፈተሽ ቀላል ነው፣ ግን የሚዘለለው እሱ ነው። ፕላስተር ለጥፋችሁ ቶሎ ንቀሉት፤ ነጭ ዱቄት ወይም የቀለም ቅርፊት ይዞ ከመጣ በዚያ ላይ የሚለጠፍ ሁሉ የሚይዘው ቅርፊቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ልቅ የሆነው ይፋቃል፣ ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ አቧራው ይጠረግና ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ መሠረት) ይቀባል። በቀጥታ ጥሬ ጂፕሰም ላይ መለጠፍ ሁለት ጉዳት አለው፦ ጂፕሰሙ የኮላውን ውሃ ወዲያው ስለሚመጥ ወረቀቱን ወደ ቦታው ለማንሸራተት ጊዜ አይሰጥም፤ በኋላ ሲነሳ ደግሞ ጂፕሰሙን ይዞ ይወርዳል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ይጠበቃል፣ በክረምት ከዚያም በላይ።

ኮላው ዱቄት ከሆነ ቀዝቃዛው ውሃ እየተማሰለ ዱቄቱ ይነሰነስበታል፤ ውሃ ዱቄት ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል። እሽጉ ለቪኒል ብሎ የሰጠውን መጠን ያዙ፤ ለወረቀት የተባለው ለከባድ ቪኒል ይቀጥናል። የመጀመሪያው ቁራጭ በቱንቢ በተሰመረ መስመር ይለጠፋል እንጂ ከማዕዘን አይጀመርም፤ ማዕዘን ቀጥ ያለበት ቤት ብርቅ ነው። ውስጥ ማዕዘን ላይ ሙሉ ቁራጭ አጥፎ ማሳለፍ ክፉ ልማድ ነው፤ ሲደርቅ ከማዕዘኑ ተነጥሎ ባዶ ይሆናል። ከመጨረሻው ቁራጭ እስከ ማዕዘኑ ያለው ርቀት ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ይለካል፤ ትልቁ ላይ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ ይቆረጣል፤ ቀጣዩ ግድግዳ በአዲስ የቱንቢ መስመር ይጀመራል። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ጋ ከመድረስ በፊት ቆጣሪው ይጥፋ፤ እርጥብ ኮላና ኤሌክትሪክ አይዋደዱም። የከተሩ ስለት በየቁራጩ ይሰበር፤ የደነዘ ስለት እርጥብ ወረቀት አይቆርጥም፣ ይጎትታል። ሲያልቅ መስኮት ከፍቶ ቶሎ ለማድረቅ መሞከር መጋጠሚያውን ያስነሳል፤ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ ነፋስ። ቤቱ ተዘግቶ በቀስታ ይድረቅ።

ራሱ የሚጣበቀው የፕላስቲክ ጥቅል 45 ሴንቲ ሜትር በ10 ሜትር፣ ማለትም 4.5 ካሬ ነው። ተከራዮች የሚወዱት ኮላ ስለማይፈልግና ይነሳል ስለሚባል ነው። ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለችውን የአሸዋ ፍሬ እንኳ ያሳያል። ሲለጠፍ እንዲወጠር የተሳበ እንደሆነ ፕላስቲኩ ከሳምንታት በኋላ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ በየመጋጠሚያው ክር የምታክል የግድግዳ መስመር ትከፈታለች። መድኃኒቱ አለመሳብ ነው፦ ከጀርባው ያለው ወረቀት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየተላጠ፣ በደረቅ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር እየተጫኑ መውረድ።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ግን የመኝታ ቤቱ ሁለት ግድግዳዎች ልዩነት ነው። ያው ጥቅል፣ ያው ቀን፣ ያው እጅ። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ክረምቱን ያለ ምንም ችግር አልፏል። ወደ ውጭ የሚያየው ግን ነሐሴ ላይ ከቁም ሣጥኑ ኋላ መሽተት ጀመረ፤ ሲላጥ ጥቁር ሻጋታ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። የውጩ ልስን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ስላለው ነፋስ የሚገፋው ዝናብ ብሎኬቱ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ የሚተኙ ሰዎች ትንፋሽ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ይሆናል። በቀለም የተቀባ ግድግዳ ይህን እርጥበት በጋ ሲመጣ ይተፋዋል፤ ፕላስቲክ ግን ያፍነዋል። ቀድሞ ጭቃ ቤት ውስጥ በዱቄት ሙጫ የሚለጠፈው ጋዜጣ ይቢጫል፣ በረሮም ይበላዋል፤ እርጥበቱን ግን ያሳልፍ ነበር።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ወደ ውጭ በሚያየው ግድግዳ ላይ፣ በቤቱ ውስጥ በኩል፣ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለሁለት ቀን ተዉት። በግድግዳው በኩል ጤዛ ከያዘ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ ቪኒልም ፕላስቲክም አይለጠፍበት። ፈተናው በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይደረግ፤ በየካቲት ሁሉም ግድግዳ ደረቅ ነው። ቁም ሣጥን ከውጭ ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። የሻገተው ይላጣል፤ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይጠረጋል፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር ሳይቀላቀል። የውጩ ስንጥቅ ካልተደፈነ ግን በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል።

የፎም ሰሌዳው 70 በ77 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንዱ ግማሽ ካሬ ጥቂት አለፍ ይላል። ለመለጠፍ ከሁሉም ይቀላል፣ ከሁሉም ቀድሞ ያረጃል። ወንበር ወይም ሻንጣ የነካው ቦታ ሰርጎ ይቀራል፣ ልጅ በጥፍሩ ይቦረቡረዋል፣ በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል ያለው መስመር አቧራ ይሰበስባል። የሚቃጠልና እየቀለጠ የሚንጠባጠብ ፎም ስለሆነ ምድጃ፣ ምጣድ ወይም የቡና ከሰል አጠገብ መለጠፉ አደገኛ ነው። ኩሽና ላይ የለጠፉት ብዙ ቤቶች አሉ፤ ቢያነሱት ይሻላል።

ዕጣንና የቡና ጭስም የራሳቸው ጠባሳ አላቸው። ጎላ ጎላ ያለ ቅርጽ ያለው ነጭ ቪኒል ጭሱን በጉድጓዶቹ ይይዛል፤ ረከቦቱ ከሚቀመጥበት በላይ ያለው የሳሎን ግድግዳ ከሌላው ቢጫ ብሏል። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት የሳህን ሳሙና ጨምሮ ከታች ወደ ላይ መጥረግ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ እንደገና ጠርጎ ማድረቅ አብዛኛውን ያነሳል። ከላይ ከተጀመረ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ደረቁ ላይ መስመር ይተዋል።

ማንሳት ላይ ዓይነቶቹ በጣም ይለያያሉ። ፋይበር ጀርባ ያለው ከታች ጫፉ ተይዞ ቀስ ብሎ ሲሳብ ሙሉ ቁራጩ ደረቁን ይወርዳል። ወረቀት ጀርባ ያለው ቪኒል ፊቱ ይላጥና ወረቀቱ ይቀራል፤ በለብ ያለ ውሃ ርሶ በስፓቱላ ይፋቃል። ራሱ የሚጣበቀው በፀጉር ፎን እየሞቀ፣ ወደ ራሱ ታጥፎ በዝግታ ይሳባል፤ እንዲያም ሆኖ ደካማ ቀለም ካገኘ ይዞት ይመጣል፣ ተከራይ ለአከራዩ አስቀድሞ ቢነግር ይበጀዋል። ፎሙ ግን ሲጎተት ለሁለት ይሰነጠቃል፦ ግማሹ እጅ ላይ፣ ግማሹ ግድግዳ ላይ። የቀረው በስፓቱላ ሲፋቅ ጂፕሰሙም አብሮ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ያ ግድግዳ እንደ አዲስ ስቱኮና ቀለም ይፈልጋል፣ የዚህም ወጪ ሰሌዳው ከተገዛበት ይበልጣል።